የተማሪ ሮስተርን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እንዴት ማዛወር ይቻላል?

ከመንዝ እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ኮምፒውተሩ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጦ ሮስተሩ (የተማሪዎች ስምና ውጤት መዝገብ) ዛሬም በእስክሪብቶ የሚደመርበት ትምህርት ቤት ብርቅ አይደለም። ቁም ነገሩ ያለው የማሽኑን አጠቃቀም ከማወቁ ይልቅ መቼ፣ በማንና በምን ቅደም ተከተል መጀመር እንዳለበት በማወቁ ላይ ነው።

መስከረም ምዝገባ ነው፣ ሰኔ ደግሞ ሮስተር መዝጊያ፤ ሁለቱም አይሆኑም። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት በወረቀት ከተዘጋ በኋላ የካቲት ላይ ጀምሩ፤ የምታስገቡትን የምታመሳክሩበት አለላችሁ። ከአንድ ክፍል ደረጃ አትለፉ። 60 ተማሪና 10 ትምህርት ያለው አንድ ሴክሽን ብቻውን 600 ቁጥር ነው።

ፋይሉን ለሪከርድ ክፍል ሠራተኛዋ ስጡ፤ የይለፍ ቃሉም በእሷና በምክትል ርዕሰ መምህሩ እጅ ይሁን። የአይሲቲ መምህሩ ያሰልጥን እንጂ ሥራውን አይጠቅልለው፤ እሱ የተዛወረ ቀን ፋይሉን የሚያውቅ ሰው ይጠፋል። እሷም ብትሆን «ሥራዬን ሊነጥቁኝ ነው» ብላ ካሰበች ነገሩ ከወዲሁ ቆሟል።

ከዚያ ኤክሴል ላይ ዓምዶቹን አዘጋጁ። የተማሪው፣ የአባትና የአያት ስም ለየብቻ ይግቡ። ለእያንዳንዱ ተማሪ የማይለወጥ መለያ ቁጥር ስጡ፤ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበውን «ሀይሉ» ብላችሁ ብትፈልጉት አይገኝም። ስልክ የሚገባበትን ዓምድ አስቀድማችሁ «ጽሑፍ» አድርጉት፣ አለበለዚያ የመጀመሪያዋ 0 ትጠፋለች። የልደት ቀንን ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብላችሁ በሦስት ዓምድ ክፈሉ። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠርን ነው፦ ጥቅምት 30ን 30/2 ብትሉት እንደ ተራ ጽሑፍ ያልፈዋል፣ ጥቅምት 5ን ግን ቀን ነው ብሎ ወደራሱ ወር ይወስደዋል፤ ጳጉሜን ጨርሶ አያውቃትም። ፊደሉም ዩኒኮድ (በየትኛውም መሣሪያ የሚነበብ የፊደል ኮድ) ይሁን። ለማረጋገጥ ፋይሉን ሌላ ስልክ ላይ ክፈቱት፤ የላቲን ቁርጥራጭ ካሳየ ከአሁኑ ቀይሩት።

ስሞቹን አትማችሁ ሐሙስ ዕለት ለተማሪዎቹ አሳዩ። ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩት የገጠር ልጆች ቅዳሜና እሁድ ለስንቅ ሲወርዱ የአያታቸውን ስም ቤተሰብ ጠይቀው ይመለሳሉ። አሁን ያልታረመች አንዲት ፊደል በ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ላይ ብዙ ታመላልሳለች።

ውጤት ሲገባ አንዱ ያንብብ፣ ሌላው ይጻፍ። ያልተፈተነ ተማሪን ቦታ ባዶ አትተዉ። አቨሬጅ የተባለው ቀመር ባዶውን ስለሚዘለው የልጁ አማካይ ያለአግባብ ከፍ ይላል፤ 0 ካደረጋችሁት ደግሞ ይቆጠርበታል። «አልተፈተነም» ብላችሁ ጻፉ፤ ቀመሩ ጽሑፍንም ስለሚዘለው ጉዳዩ እስኪለይ ያ ተማሪ ደረጃ አይሰጠው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ሶርት ላይ ነው። የስሙን ዓምድ ብቻ መርጣችሁ በፊደል ተራ ስታስይዙ ኤክሴል የቀሩትንም ላካትት ወይ ይላል። አይ፣ በተመረጠው ብቻ ቀጥል ካላችሁት ስሙ ይዘዋወራል፣ ማርኩ ባለበት ይቀራል፤ የአበበ 91 ለአልማዝ ይሆናል። ድምሩ ስለማይለወጥ ማንም አይነቃም። ሁልጊዜ ሠንጠረዡን በሙሉ ምረጡ።

ሁለተኛውን ሴሚስተር በወረቀትም በኮምፒውተርም አስኪዱ። ከየሴክሽኑ 10 ተማሪ በዕጣ አውጡና ድምሩን አስተያዩ፤ አንድም ቢለያይ ያንን ሴክሽን በሙሉ እንደገና አመሳክሩ። የክፍል ኃላፊው የሚፈርመው፣ ማህተም የሚያርፈውም ታትሞ በወጣው ላይ ነው።

መብራት ስለሚሄድ ቻርጅ የሞላ ላፕቶፕ ይመረጣል። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት የሚበቃ ደቂቃ ነው የሚሰጣችሁ፤ ማርክ ላስገባበት አትበሉ። ኤክሴል በየጊዜው በራሱ የሚያስቀምጥበትን አውቶሪከቨር 5 ደቂቃ ላይ አድርጉት። ዓርብ ዓርብ ቀኑን በፋይሉ ስም ላይ ጽፋችሁ በሁለት ፍላሽ ገልብጡ፤ አንዱ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ይቆለፍ። እነዚህ ፍላሾች ፎቶ ኮፒ ቤት አይሂዱ፣ ቫይረሱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ለማሳተም ሌላ ፍላሽ ያዙ፣ የሚታተመውም በፒዲኤፍ ብቻ ይሂድ።