የመጀመሪያ ግማሽ ማራቶናችሁን ሀዋሳ ላይ ለመሮጥ ካሰባችሁ

ለተሰንበት ግደይ እ.ኤ.አ. በ2021 ቫሌንሲያ ላይ በ1:02:52 የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር በግማሽ ማራቶን ስትወዳደር የመጀመሪያዋ ነበር። እያንዳንዷን ኪሎ ሜትር ከ3 ደቂቃ በታች ማለት ነው። እኛ ደግሞ ለተሰንበት አይደለንም። የእኛ ዓላማ 21 ኪሎ ሜትሩን፣ ከነትራፊዋ 97 ሜትር ተኩል፣ ሳይጎዱ ሮጦ መጨረስ ነው።

ይህን የምጽፈው አዲስ አበባ ለሚኖር፣ 5 ኪሎ ሜትር ሳይቆም መሮጥ ለሚችልና ታላቁ ሩጫ በሀዋሳ ለሚያዘጋጀው ግማሽ ማራቶን ለሚያስብ ሰው ነው። 5 ኪሎ ሜትር ገና ከሆናችሁ መጀመሪያ አንድ ወር ያህል ሮጥ፣ ራመድ እያላችሁ እዚያ ድረሱ። «ኅዳር ላይ 10 ኪሎ ሜትሩን ጨርሼ የለ?» የምትሉም አትጠፉም። ጎሽ፣ ግን ያ ግማሹ ጭፈራ ነው፤ ሙዚቃ ባለበት ሁሉ እየቆማችሁ ስለጨረሳችሁት ርቀት እግራችሁ ብዙም አያውቅም።

ዋናው ነገር ቀስ ማለት ነው። ቀላል ይመስላል፣ ማንም ግን አያደርገውም። ጀማሪ ልምምዱን ሁሉ እንደ ውድድር ይሮጣል፣ በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቱን ወይም ቅልጥሙን ያመዋል፣ ከዚያ «ሩጫ ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። እስኪ አንድ ቀን በማለዳ እንጦጦ ውጡና አትሌቶቹ ተከታትለው በዛፎቹ መሀል እየተጠማዘዙ ሶምሶማ ሲሉ እዩአቸው። በቀላል ልምምድ ቀናቸው በጣም ቀስ ስለሚሉ እኛም የምንደርስባቸው ይመስለናል። ፍጥነት የራሱ ቀን አለው፤ በሌላው ቀን አይነኩትም።

ፍጥነታችሁን ለማወቅ ሰዓት አያስፈልግም። አብሯችሁ ለሚሮጥ ሰው ሳታለከልኩ ወሬ መንገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው፣ ቀንሱ። ዳገት ላይ መራመድም ነውር የለውም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦማ ጫፉ ከ3,000 ያልፋል፤ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ትንሽ ነው። ስለዚህ ዲሲ ያለው የአጎታችሁ ልጅ ስትራቫ በሚባለው የሯጮች መተግበሪያ ላይ ኪሎ ሜትሩን በ5:30 ሮጦ ቢለጥፍ አትቅኑ። እሱ ያለው ባሕር ጠለል አጠገብ ነው።

12 ሳምንት ይበቃል። በሳምንት አራት ቀን ሩጡ፦ ሁለቱ ቀላል ሶምሶማ፣ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፤ አንዱ ትንሽ ፈጠን የሚባልበት፣ ለምሳሌ 3 ደቂቃ ፈጠን፣ 2 ደቂቃ ቀስ እያላችሁ አምስት ጊዜ፤ አራተኛው ደግሞ ረጅሙ ሩጫ ነው። ከአራቱ አንዱን መዝለል ግድ ከሆነባችሁ የፈጣኑን ቀን ዝለሉ፣ ረጅሙን ግን አትንኩት። ከ8 ኪሎ ሜትር ጀምራችሁ በየሳምንቱ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሜትር ጨምሩ፣ በየአራተኛው ሳምንት ግን ቀንሱና እግራችሁን አሳርፉት። ትልቁ 18 ኪሎ ሜትር ይሁን፣ እሱንም ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጨርሱት። 21ን ልምምድ ላይ መሮጥ አያስፈልግም፤ የቀረችውን ሦስት ኪሎ ሜትር የሀዋሳ ሕዝብ በጭብጨባ ይወስዳችኋል።

የት እንሩጥ? ቀላሉን ቀን ከተቻለ አፈር ላይ፤ ጃንሜዳም፣ እንጦጦም፣ መኪና ካላችሁ ሱሉልታም ይሆናል። አስፋልት ጉልበት ይጎዳል ይባላል፣ ግን ውድድሩ አስፋልት ላይ ስለሆነ እግራችሁ ሊለምደው ይገባል፤ በሳምንት አንድ ቀን በቂ ነው። አሁን በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ለዚህ ጥሩ ናቸው። ውሻ ሲመጣ አትሩጡ፣ ቆማችሁ ጎንበስ በሉ፤ ድንጋይ ልታነሱ መስሎት ይመለሳል። «ኃይሌ! ኃይሌ!» እያለ የሚከተላችሁን ልጅ ግን የሚመልሰው የለም፣ ቻሉት።

ጫማ ላይ ገንዘብ አትሰስቱ። ሰልባጅ መግዛት ይቻላል፣ ግን ሶሉን በአውራ ጣታችሁ ተጫኑት፤ እንደ ድንጋይ ከደረቀ ያ ጫማ የሌላ ሰው ማራቶን ጨርሷል። በግማሽ ቁጥር ተለቅ ያለ ይሁን፣ ረጅም ሩጫ ላይ እግር ያብጣል። ለውድድሩ ቀን አዲስ ጫማም አዲስ ካልሲም አይደረግም። ብብትና ታፋ መሀል ቫዝሊን ተቀቡ፣ ወንዶች ጡታችሁ ላይም። አሁን ትስቃላችሁ፣ ከ15 ኪሎ ሜትር በኋላ ግን ሳቁ ይጠፋል።

ስለ ምግብ ብዙ አታስቡ። ከረጅሙ ሩጫ ሁለት ሰዓት ያህል በፊት ዳቦ በማር፣ ሙዝ፣ ወይም ቀጠን ያለ በሶ ይበቃል። የምትጾሙ ከሆነ ረጅሙን ሩጫ ቅዳሜ አድርጉት፤ በዐቢይ ጾም እንኳ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት መብላት ስለሚፈቀድ ባዶ ሆድ አትሮጡም። በረመዳን ደግሞ ከኢፍጣር ትንሽ ቆይቶ ይሻላል። ሃምሳ ብር ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ፣ ውኃ ሲያልቅ ሱቅ አይጠፋም።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ቀንሱ። እግራችሁ ይቁነጠነጣል፣ ልምምዱ የጠፋ ይመስላችኋል፣ አልጠፋም። ሀዋሳ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ግቡ። የዋዜማው እራት ፓስታ ወይም ሩዝ ይሁን፤ ቀይ ወጥ፣ ጥሬ ሥጋና የሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ የአሞራ ገደል ጥሬ ዓሣ ለነገ ይቆዩ። ቁጥራችሁን ማታውኑ ቲሸርቱ ላይ በመርፌ ቁልፍ ያዙት።

አሁን ወጥመዷን ልንገራችሁ። ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከአዲስ አበባ ለሄደ ሰው ትንፋሽ እንደ ልብ ነው። መንገዱም ብዙ ዳገት የለውም። የመጀመሪያዎቹን አምስት ኪሎ ሜትሮች ትበራላችሁ፣ «ይኼን ያህል ጎበዝ ነበርኩ እንዴ?» ትላላችሁ። አልነበራችሁም፣ አየሩ ነው። ፀሐይዋም ወጣ ስትል ከሸገር የባሰች ናት፣ ሒሳቡን ከ14ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ታወራርዳላችሁ። ስለዚህ ከኋላ ጀምሩ፣ የሚያልፋችሁን ሁሉ አሳልፉ። ኪሎ ሜትሩን በ7 ደቂቃ ብትሮጡ 2:28 ገደማ ትጨርሳላችሁ፣ በ6:30 ደግሞ 2:17። ከሁለት ሰዓት በታች ለመግባት 5:41 ያስፈልጋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን አትመኙ ባይ ነኝ። ውኃ በታደለበት ሁሉ ጥቂት ተጎንጩ፣ የተረፈውን አናታችሁ ላይ አፍስሱ። ውጋት ከያዛችሁ ቀስ ብላችሁ በረጅሙ ተንፍሱ፣ ይለቃል። ደረት ላይ ሕመም ወይም ማዞር ከመጣ ግን ሜዳልያው ይቅርና ቁሙ፣ የሕክምና ሰዎቹን ጥሩ።

መስመሩን ስታልፉ ወዲያው አትቀመጡ። አሥር ደቂቃ ተራመዱ፣ ጠጡ፣ ከዚያ አሞራ ገደል ሄዳችሁ የዓሣ ሾርባ ጠጡ፣ ጥብሱንም እዘዙ። ለአንድ ሳምንት ሩጫ የለም። የምትችሉ ከሆነ እዚያው እደሩ። የግድ በዚያው ቀን የምትመለሱ ከሆነ ግን ሾፌሩን ባቱና ሞጆ ላይ እንዲያቆም ለምኑትና ወረድ ብላችሁ እግራችሁን አፍታቱ፤ አለዚያ አዲስ አበባ ስትደርሱ ከመኪናው የሚያወርዳችሁ ሰው ትፈልጋላችሁ።