በአፍ ውስጥ የሚሟሟ የመድኃኒት ፊልም እንዴት ይወሰዳል?

ቴምብር የሚያክል፣ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ አፍ ውስጥ ሲገባ የሚሟሟ መድኃኒት አለ። «ፊልም» ወይም «ስትሪፕ» ይባላል። ሲያዩት ለስሕተት የሚዳርግ አይመስልም፤ ነገር ግን በአወሳሰድ ስሕተት ብቻ ጥቅሙ ሊባክን ይችላል። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዙ፦ እጅ ደረቅ፣ አፍ እርጥብ። የሚበላሸው አብዛኛው ነገር ይህ ሲገለበጥ ነው።

ምክንያቱ አሠራሩ ውስጥ አለ። የፊልሙ አካል እንደ ሃይድሮክሲፕሮፒል ሜቲልሴሉሎስ ወይም ፑሉላን ካለ ውኃ የሚስብ ነገር የተሠራ ነው። መድኃኒቱ ከዚህ ጋር ይቀላቀላል፤ እንዳይሰባበር እንደ ግሊሰሪን ያለ ማለስለሻ፣ ምሬቱን እንዲሸፍን ማጣፈጫ ይጨመርበታል። ከዚያ በስሱ ተዘርግቶ ይደርቅና በልኩ ይቆረጣል። ስለዚህ እርጥበት ባገኘበት ቦታ ሁሉ መሟሟት ይጀምራል፤ ጣትዎ ላይም ቢሆን።

መጀመሪያ ቦታውን ይወቁ

ፊልሞች መልካቸው ቢመሳሰልም የሚቀመጡበት ቦታ ይለያያል። ምላስ ላይ የሚቀመጥ አለ፣ ከምላስ ሥር የሚገባ አለ፣ ጉንጭ ላይ የሚለጠፍ አለ። የማሸጊያው ጽሑፍ ወይም ፋርማሲስቱ የትኛው እንደሆነ በግልጽ ካልነገረዎት ማሸጊያውን አይክፈቱ፤ ይጠይቁ።

ምላስ ላይ የሚቀመጡት ለምሳሌ ማስመለስን ለመከላከል የሚታዘዘው የኦንዳንሴትሮን ፊልም (ዙፕሌንዝ)፣ ለሚጥል በሽታ የሚታዘዘው ክሎባዛም (ሲምፓዛን) እና ለኤኤልኤስ (ጡንቻን የሚያንቀሳቅሱ ነርቮችን የሚጎዳ በሽታ) ሕመምተኞች የሚሰጠው ሪሉዞል (ኤክሰርቫን) ናቸው። እነዚህ አፍ ውስጥ ይሟሟሉ እንጂ ዋናው መድኃኒት ከምራቅ ጋር ተውጦ እንደ ክኒን በአንጀት በኩል ነው ወደ ደም የሚገባው። «በቶሎ ስለሚሟሟ በቶሎ ይሠራል» የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ ልክ አይደለም። ጥቅማቸው ሌላ ነው፤ ክኒን መዋጥ ለማይችል፣ ውኃ ሲጠጣ ለሚያስመልሰው ወይም ክኒኑን ጉንጩ ውስጥ ደብቆ ኋላ ለሚተፋ ሰው ነው የሚበጁት።

ከምላስ ሥር የሚቀመጠው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊንና ሄሮይን ያሉ ነገሮች) ሱስ ሕክምና የሚሰጠው የቡፕሬኖርፊን እና ናሎክሶን ፊልም (ሰቦክሶን፣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀ) ዋናው ምሳሌ ነው። ከምላስ ሥር ያለው ሽፋን ስስ ነው፤ ደም ሥሮቹም ብዙ ናቸው። እዚያ የገባ መድኃኒት በአንገት ደም ሥሮች አድርጎ ወደ ልብ ይሄዳል፤ በጉበት በኩል አያልፍም። ከተዋጠ ግን ከአንጀት በቀጥታ ወደ ጉበት ይደርስና፣ ቡፕሬኖርፊን ከሆነ፣ አብዛኛው እዚያው ይሰባበራል። ስለዚህ ይህንን ፊልም መዋጥ ዶዙን እንደ መጣል ይቆጠራል።

እጅ እና ማሸጊያ

እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ከዚያ ከመታጠቡ ይልቅ ለማድረቁ ይጨነቁ። የጣቶችዎ ጫፍ ላይ የቀረች ትንሽ እርጥበት ትበቃለች፦ የፊልሙ ጠርዝ ይጠቀለላል፣ ይለሰልሳል፣ ጣትዎ ላይ ይጣበቃል፤ ሲያላቅቁት የሚያብረቀርቅ ስስ ነገር ጣትዎ ላይ ይቀራል። ያ የሚያብረቀርቀው መድኃኒት ነው፤ ከዶዝዎ የጎደለ። ቅባት ወይም የእጅ ጄል ከተቀቡ እስኪደርቅ ይቆዩ።

ማሸጊያው ብዙ ጊዜ ነጠላ የፎይል ፓኬት ነው። ነጠብጣብ መስመር ካለው በመስመሩ ላይ አጥፈው፣ በተሰነጠቀው ጠርዝ በኩል ወደ ታች ይቅደዱ። በጥርስ መቅደድ ፊልሙን በምራቅ ያርሰዋል። መቀስም ቢሆን ቀስቱ በሚያሳየው መስመር ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ፊልሙ ከፓኬቱ ጠርዝ ብዙ ስለማይርቅ ከመስመሩ ትንሽ ወጣ ያለ መቀስ ሁለቱን አብሮ ይቆርጣል። የተቀደደ ወይም የተጎዳ ፊልም ካገኙ፣ ወይም ፓኬቱ አስቀድሞ የተከፈተ ከሆነ አይውሰዱት።

ከአፍዎ እስኪያስገቡት ድረስ አይክፈቱ። የሳምንቱን ፊልም በሙሉ አውጥቶ የክኒን ሣጥን ውስጥ መደርደር ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ግን አየር ውስጥ ያለው እርጥበት እርስ በርስ ሊያጣብቃቸው ይችላል፤ ልጅ እጅም ሊገባ ይችላል። ይህ አቋራጭ ሙሉ በሙሉ ቢቀር ይሻላል።

አፍን ማርጠብ

ከምላስ ሥር ለሚገባና ጉንጭ ላይ ለሚለጠፍ ፊልም አንድ ጉንጭ ውኃ ይያዙ፣ ያንቀሳቅሱት፣ ይዋጡት። የደረቀ አፍ ላይ ፊልሙ ይዘገያል፣ ይሰባበራል ወይም ባልሆነ ቦታ ተለጥፎ ይቀራል። ለአለርጂ እና ለድብርት የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶች አፍ ስለሚያደርቁ፣ እነሱን የሚወስድ ሰው ይህን ደረጃ ማለፍ የለበትም። ቁስል ካለበት ቦታ ላይ ፊልም አይቀመጥም።

ምላስ ላይ

መሐል ምላስ ላይ ጠፍጣፋ አድርገው ያኑሩት፤ አፍዎን ይዝጉ። አያኝኩ፣ አያውሩ። የኦንዳንሴትሮን ፊልም ከ4 እስከ 20 ሰከንድ ውስጥ ይሟሟል፤ ከዚያ ይዋጣል፣ ውኃ ቢከተልም ባይከተልም ምንም አይደለም። ክሎባዛም ግን በውኃ አይወሰድም፤ ሁለት ከታዘዘም ሁለተኛው የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከሟሟ በኋላ ነው። ላንቃ ላይ ከተለጠፈ በጣት አይፋቁት፤ በምላስ ጫፍ ቀስ ብለው ያውርዱት። ሪሉዞል ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ መወሰዱን አይርሱ።

ከምላስ ሥር

ጊዜ ወስደው ሊለማመዱት የሚገባው ይህ ነው። በመጀመሪያው ቀን መስታወት ፊት ይቁሙ። የምላስዎን ጫፍ ወደ ላንቃዎ ያንሡ፤ መሐል ላይ ምላስን ከታችኛው አፍ ጋር የምታያይዝ ቀጭን ክር መሰል ሥጋ፣ ግራና ቀኝ ደግሞ ሰማያዊ የሚመስሉ ደም ሥሮች ያያሉ። ፊልሙ የሚቀመጠው ከክሯ በስተግራ ወይም በስተቀኝ፣ ወደ ምላስ መሠረት ጠጋ ብሎ ነው። መሐሉ ላይ አያድርጉት፤ እዚያ አጠገብ የምራቅ ቧንቧዎች ስለሚከፈቱ ምራቅ ይበዛል፣ ፊልሙም ይንሳፈፋል።

ፊልሙን በሁለት ጣት ጠርዞቹን ይዘው፣ ሳይታጠፍ ጠፍጣፋ አድርገው ያኑሩት። ምላስዎን ቀስ ብለው ያውርዱ፣ ከንፈርዎን ይግጠሙ፣ በአፍንጫዎ ይተንፍሱ። ከዚያ አይንኩት። ፊልሙ ወዲያው ጠርዙ ይለሰልስና እንደ ጄሊ ሆኖ ሥጋው ላይ ይጣበቃል። በዚህ ጊዜ «ቦታው አልተስማማም» ብለው በጣት ወይም በምላስ ከገፉት ይቆራረጣል፤ ቁራጮቹም ወደ ጉሮሮ ይሄዳሉ። ቦታ የሚመረጠው ከማስቀመጥ በፊት ነው።

አስቸጋሪው ምራቅ ነው። ጣዕሙ ምራቅ ስለሚያመጣ አፍ ይሞላል፤ የመዋጥ ፍላጎቱ ይበረታል። ያ ምራቅ ግን መድኃኒት ይዟል፤ ከተዋጠ ወደ ጉበት የሚሄደው እሱ ነው። ራስዎን ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ያድርጉ፤ ምራቁ ወደ ጉሮሮ ሳይሆን ወደ ታችኛው ጥርስ ኋላ ይሰበሰባል፣ የመዋጥ ፍላጎቱም ይቀላል። ጋደም ብሎ መውሰድ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ምራቁ በራሱ ወደ ኋላ ይፈስሳል። እስኪያልቅ አያውሩ፤ ለማውራት ምላስ መነሣት አለበትና። ስልክ የሚደወልበትን ሰዓት አይምረጡ። ሁሉም እስኪሟሟ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ሰዓት ከማየት ይልቅ በምላስ ጫፍ ቀስ ብለው ይዳስሱ፣ የሚንሸራተት ነገር ከሌለ አልቋል።

ሁለት ፊልም ከታዘዘ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ይሁን፤ አይደራረቡ። የተደራረበ ፊልም ከላይ ያለው ሥጋውን አይነካም። ሦስተኛ ካለ፣ ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ሲሟሙ ይቀጥላል።

ጉንጭ ላይ

ለረጅም ጊዜ ሕመም የሚታዘዘው ቤልቡካ የሚባለው የቡፕሬኖርፊን ፊልም የሚለጠፈው በቢጫው ገጽ ነው፤ ቢጫው ወደ ጉንጭ ሥጋ ይዞራል። በደረቀ ጣት ለ5 ሰከንድ ጫን አድርገው ይያዙትና ይተዉት። እስኪሟሟ ብዙ ጊዜ እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። እስከዚያ መብላትና መጠጣት የለም፣ በምላስ መነካካትም የለም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ቤልቡካ የሚለካው በማይክሮግራም (ከ75 እስከ 900) ሲሆን፣ ሰቦክሶን ደግሞ በሚሊግራም (ከ2 እስከ 12 ሚሊግራም ቡፕሬኖርፊን) ነው። መድኃኒቱ አንድ ስም ስላለው ብቻ አንዱን በሌላው መተካት አደገኛ ነው።

መቁረጥ ይቻላል ወይ?

ግማሽ ዶዝ ሲፈለግ መቀስ ማንሣት ያጓጓል። ለሰቦክሶንም ለቤልቡካም መመሪያው አይቆረጥ ይላል፤ በቤት መቀስ ሁለት እኩል ግማሽ ማውጣትም ከባድ ነው። ለመቆረጥ ታስቦ የተሠራ ፊልም አለ፤ በባለሙያ ክትትል ለሁከት የሚሰጠው ኢጋልሚ በላዩ ሁለት ነጥብ አለው፣ በነጥቦቹ መሐል ይከፈላል። እንዲህ ያለ ግልጽ መመሪያ ከሌለ አነስተኛ መጠን ያለው ፊልም እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ።

ከሟሟ በኋላ

ቡፕሬኖርፊን አፍ ውስጥ ለሚያሟሙ ሰዎች ይህ ክፍል ሊዘለል አይገባም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ቀድሞ የጥርስ ችግር ባልነበራቸው ሰዎች ላይ ሳይቀር የጥርስ መቦርቦር፣ ኢንፌክሽንና የጥርስ መውለቅ መታየቱን ገልጿል። መድኃኒቱን ማቆም ግን መፍትሔ አይደለም። ፊልሙ ሙሉ በሙሉ ከሟሟ በኋላ ትልቅ ጉንጭ ውኃ ይያዙ፣ በጥርስና በድድ ዙሪያ በቀስታ ያዙሩት፣ ይዋጡት። ጥርስ መፋቂያው ቢያንስ 1 ሰዓት ይጠብቅ፤ የአፍ ውስጥ ሁኔታ ወደ ተፈጥሮው ሳይመለስ ማሻሸት ጥርስን ይጎዳል። ለጥርስ ሐኪምዎም መድኃኒቱን እንደሚወስዱ ይንገሩ።

ፊልሙን በስሕተት ከዋጡት ሌላ አይጨምሩበት፤ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ይጠይቁ። ምን ያህሉ እንደገባ ከውጭ ሆኖ ማወቅ ስለማይቻል፣ በግምት የተደገመ ዶዝ ከተዘለለ ዶዝ የከፋ ሊሆን ይችላል።

ማስቀመጥና መጣል

ፓኬቱ ሳይከፈት፣ በክፍል ሙቀት፣ ከመታጠቢያ ቤት እንፋሎትና ከመኪና ሙቀት ርቆ ይቀመጥ። ኦፒዮይድ ያለበት ፊልም በቁልፍ ይቆለፋል፤ ለልጅ ጣፋጭ ከረሜላ ይመስላል፣ አንዱ ፊልም ብቻ የልጅ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ልጅ ከቀመሰው ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይውሰዱት።

የተረፈ ካለ መድኃኒት የሚሰበስብ ቦታ ይመልሱ። ይህ ካልተቻለ፣ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ቡፕሬኖርፊንን መጸዳጃ ውስጥ ከሚጣሉት መድኃኒቶች ተርታ መድቦታል፤ ፊልሙን ከፎይሉ አውጥተው ውኃ ይልቀቁበት። ፎይሉ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል እንጂ መጸዳጃ ውስጥ አይጣልም።