አሥር መስመር፣ አንድ ቅዳሜ፦ በሰፈር የድሮ ኮምፒውተር ጨዋታ ውድድር ማዘጋጀት

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አሥራ ሁለት ልጆች ሰብስቦ፣ በአንድ ቅዳሜ እያንዳንዱ ጥንድ የራሱን ጨዋታ ጽፎ እንዲያስረክብ ማድረግ ይቻላል። ምስጢሩ ደንቡን ማጥበብ ነው። ማሽኑ በ1982 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የወጣው የቤት ኮምፒውተር ዜድኤክስ ስፔክትረም፣ የፕሮግራም ቋንቋው ማሽኑ ውስጥ ያለው ቤዚክ፣ ርዝመቱ ከአሥር መስመር የማይበልጥ፣ አንዱ መስመር ከ120 ፊደልና ምልክት የማያልፍ ይሁን። እንዲህ ሲሆን ውድ ላፕቶፕ ያለው ልጅ የወንድሙን አሮጌ ላፕቶፕ ይዞ ከመጣው አይበልጥም። ሁለቱም ፊት ያለው ያው 48 ኪሎባይት፣ ያው 3.5 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር፣ ያው ስምንት ቀለም ነው። ደንቡን አላልቶ «የፈለጋችሁትን አምጡ» ያለ አዘጋጅ የሚያወዳድረው ጨዋታ ሳይሆን ላፕቶፕ ነው።

ማሽኑ ራሱ በእጃችሁ መኖር የለበትም። ፊዩዝ የሚባለው ኢሙሌተር (የድሮውን ማሽን በላፕቶፕ ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) ነፃ ነው፤ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል፤ 2 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ አይከብደውም። የማሽኑ የውስጥ ፕሮግራም መብት የአምስትራድ በነበረበት ጊዜ ኩባንያው ከኢሙሌተር ጋር እንዲሰራጭ ፈቅዷል፤ በዚህ በኩል ስጋት አይግባችሁ። ኢሙሌተሩን አንድ ሰው ቀድሞ አውርዶ ለሁሉም በቴሌግራም ይላክ። በፍላሽ ማዞሩ ፈጣን ይመስላል፤ ግን አንድ ሾርትከት ቫይረስ ያለበት ፍላሽ ስድስቱን ላፕቶፕ በግማሽ ሰዓት ያዳርሳል። የልጆቹም ሥራ በቴሌግራም ይሰብሰብ፤ አንድ የአሥር መስመር ጨዋታ ጥቂት ኪሎባይት ስለሆነ ዳታ የሚበላው ከአንድ ፎቶ ያነሰ ነው።

ቦታው የኮሚናል ሕንጻው ይበቃል፤ ወንበር ከእድሩ ይለመናል። ለስድስት ላፕቶፕ ሁለት ጥሩ ዲቫይደር ያዙ። አንዱ ላፕቶፕ 65 ዋት ገደማ ቢስብ ስድስቱ 390 ዋት ነው፤ በ220 ቮልት ከ2 አምፒር በታች ስለሆነ አንድ ሶኬት ይችለዋል። ችግሩ ያለው ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ነው። በክረምት መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ ሌላው ሳያውቀው ሲያልፍ እሱ ይጠፋል፣ የሁለት ሰዓት ሥራም አብሮ ይጠፋል። ዩፒኤስ ካላችሁ ለእነዚህ ስጡ። ከሌላችሁ በየግማሽ ሰዓቱ «አስቀምጡ!» ብሎ የሚጮህ አንድ ሰው መድቡ፤ ፊዩዝ ላይ ኤፍ 2 ሲጫን የማሽኑ ሁኔታ እንዳለ ይቀመጣል፣ ኤፍ 3 ይመልሰዋል።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ማንም አንድ መስመር ከመጻፉ በፊት ሦስት ነገር በእያንዳንዱ ላፕቶፕ ላይ ይታይ። አንደኛ፣ የማሽኑ ዓይነት 48 ኪሎባይት መሆኑ፤ በ128 ኪሎባይቱ ማሽን ቤዚክ ራሳችሁ ከምትሥሏቸው 21 ሥዕሎች ሁለቱ ይቀነሳሉ። ሁለተኛ፣ ፍጥነቱ 100 ፐርሰንት መሆኑ፤ አንዱ ልጅ ሳያውቀው ወደ 200 አድርጎ ከሠራ ጨዋታው ዳኛው ፊት እንደ ቀንድ አውጣ ይሄዳል። ሦስተኛ፣ የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ መመለሱ።

ኪቦርዱ ራሱ አንድ ሰዓት ትምህርት ይፈልጋል። በ48ቱ ማሽን ትእዛዝ ፊደል በፊደል አይጻፍም፤ በመስመር መጀመሪያ ላይ ፒ ሲጫን «ፕሪንት» ሙሉውን ይወጣል፣ አር ሲጫን «ራን»፣ ጄ ሲጫን «ሎድ»። ልጆቹ ለአሥር ደቂቃ ይበሳጫሉ፣ ከዚያ ይወዱታል። ፊደል ሲቆጠር ግን ስክሪን ላይ በሚታየው ጽሑፍ ይቆጠር፤ ይህንን ከመጀመሪያው ካላሳወቃችሁ ማታ ክርክር ይነሣል።

ባዶ ስክሪን ፊት ያስቀመጣችኋቸው ልጆች እስከ ምሳ ያወራሉ። ስለዚህ ሁሉም የሚጀምርበት አንድ መነሻ ጨዋታ ስጡ። እኛ የምንመክረው የሚኒባስ ጨዋታ ነው፦ መንገዱ ከታች ወደ ላይ ይንከባለላል፣ ሰማያዊው ሚኒባስ መሐል ላይ ሆኖ ግራና ቀኝ እያለ ቀይ ኮከቦቹን ያመልጣል።

አሥሩ መስመሮች ቁጥራቸው በአሥር በአሥር እየዘለለ ከ10 እስከ 100 ነው። መስመር 10 ሚኒባሱን ይሥላል። ሥዕሉ 8 በ8 ነጥብ ነው። ደብተር ላይ ስምንት በስምንት ካሬ አስምሩ፤ ከላይ ከግራ ወደ ቀኝ 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ብላችሁ ጻፉ፤ በየረድፉ የጠቆረውን ካሬ ደምሩ። ከፊት የሚታይ ሚኒባስ እንዲህ ይወጣል፦ 60፣ 66፣ 66፣ 255፣ 219፣ 255፣ 102፣ 0። ሁለቱ 66 መስታወቱ ናቸው፣ 219 መብራቶቹ፣ 102 ጎማዎቹ። ቁጥሮቹ መስመር 20 ላይ በ«ዳታ» ይቀመጣሉ፤ መስመር 10 ላይ ከ0 እስከ 7 የሚቆጥር «ፎር» እያንዳንዱን በ«ሪድ» አንሥቶ የፊደል ኤ ሥዕል ያለበት አድራሻ ላይ በ«ፖክ» ያስገባል። ሥዕሉን ፕሮግራሙ ውስጥ ለመጻፍ ሺፍትና 9 ተጭኖ ወደ ግራፊክስ መግባት፣ ከዚያ ኤ መጫን፣ መልሶ በሺፍትና 9 መውጣት ነው። በሚኒባሱ ፈንታ ኤ ፊደል መንገድ ላይ ስትሄድ ካያችሁ መስመር 10 አልሠራም ማለት ነው፤ ማሽኑ ሲነሣ የሥዕሎቹ ቦታ የሚሞላው በተራ ፊደላት ነውና።

መስመር 30 መነሻ ነው፦ ወረቀት 7 (ነጭ መደብ)፣ ቀለም 0 (ጥቁር)፣ ስክሪን ማጽዳት፣ ኤክስን (ሚኒባሱ ያለበትን ዓምድ) 15 ማድረግ፣ ነጥብን 0 ማድረግ፣ በ«ፖክ 23658፣ 8» ትልልቅ ፊደል ማብራት፣ የቁልፎቹን ስም (ኦ ለግራ፣ ፒ ለቀኝ) ማሳየት፣ ቁልፍ እስኪጫን የሚጠብቀው «ፖዝ 0»፣ «ራንደማይዝ»። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አይዘለል። ትልልቅ ፊደሉ ካልበራ ትንሿ ፒ እና ትልቋ ፒ ለማሽኑ የተለያዩ ስለሆኑ ሚኒባሱ ከቦታው አይነቃነቅም። «ራንደማይዝ» ደግሞ ከ«ፖዝ 0» በኋላ ይሁን፤ የዕድል ቁጥሮቹን መነሻ የሚወስደው ከማሽኑ ሰዓት ስለሆነ ተጫዋቹ ቁልፍ እስኪጫን የቆየበት ጊዜ መንገዱን ይለውጠዋል። ያለ እሱ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ኮከቦቹ በዚያው ቦታ ይመጣሉ፤ ሦስተኛው ዳኛ በቃሉ ይዞት ያሸንፋል።

መስመር 40 መንገዱን ያንከባልላል። መጀመሪያ «ፖክ 23692፣ 255»፤ ይህ ከሌለ ስክሪኑ ሲሞላ ማሽኑ «ስክሮል?» ብሎ ጠይቆ ይቆማል። ከዚያ ረድፍ 21 ላይ፣ «አርኤንዲ» (ከ0 እስከ 1 ያለ የዕድል ቁጥር) ሲባዛ 31 በሆነ ዓምድ፣ በቀለም 2 (ቀይ) አንድ ኮከብ ይታተማል፤ ቀጥሎ ባዶ «ፕሪንት» ይመጣል። የሚያንከባልለው ባዶው «ፕሪንት» ነው፤ ኮከቡን ያተመው መጨረሻ ላይ ነጠላ ሰረዝ ከነነጥቡ (;) ከተደረገ ግን መንገዱ አይንቀሳቀስም።

መስመር 50 ረድፍ 9 ላይ፣ ዓምድ ኤክስ፣ ባዶ ቦታ አትሞ የቀድሞውን ሚኒባስ ያጠፋል፤ መንገዱ ሲንከባለል እሱም አንድ ረድፍ ወደ ላይ ተወስዷልና። ቀጥሎ የተጫነውን ቁልፍ ያነባል። እንቅስቃሴውን በ«ኢፍ» አትጻፉት። በዚህ ቤዚክ ከ«ዜን» በኋላ በዚያው መስመር ላይ ያለው ሁሉ ሁኔታው እውነት ካልሆነ አይሠራም፤ ስለዚህ አንድ «ኢፍ» አንድ መስመር ይበላል። እውነት 1፣ ሐሰት 0 ስለሆነ ኤክስ ላይ «ፒ ተጭኖ ኤክስም ከ31 ካነሰ» የሚለውን መደመር፣ «ኦ ተጭኖ ኤክስም ከ0 ከበለጠ» የሚለውን መቀነስ ነው። የ31ና የ0 ገደቡ ከተረሳ ሚኒባሱ ከስክሪኑ ሲወጣ ማሽኑ «ኢንቲጀር አውት ኦፍ ሬንጅ» ብሎ ጨዋታውን ያቆማል።

መስመር 60 ግጭትን ያያል። ስክሪን ላይ ያለውን ፊደል የሚያነበው «ስክሪን ዶላር» የሚለው ትእዛዝ ራሳችሁ የሣላችሁትን ሥዕል አያውቅም፤ ባዶ ነው የሚመልሰው። ኮከቡን በጉድጓድ ወይም በአህያ ሥዕል የቀየረ ልጅ ግጭቱ የሚጠፋበት በዚህ ነው። «አትር» ተጠቀሙ፤ እሱ የሚያነበው የካሬውን ቀለም ነው። ወረቀት 7 ሲባዛ 8 ሲሆን 56፣ ቀይ ቀለም 2 ሲጨመር 58። ረድፍ 10፣ ዓምድ ኤክስ 58 ከሆነ ወደ መስመር 100 ይዘለል። መስመር 70 ሚኒባሱን በቀለም 1 (ሰማያዊ) ረድፍ 10 ላይ ያትማል፤ መስመር 90 ነጥብ ጨምሮ ወደ 40 ይመልሳል። መስመር 80 ባዶ የቀረው ሆን ተብሎ ነው፤ የተወዳዳሪው ሐሳብ የሚገባው እዚያ ነው።

መስመር 100 ነጥቡን ያሳያል፣ ድምፅ ያሰማል፣ ቁልፍ ጠብቆ «ራን» ይላል። በ«ራን» ፈንታ «ጎቱ 10» ከተጻፈ ሁለተኛው ዙር «አውት ኦፍ ዳታ» ብሎ ይወድቃል፤ ቁጥሮቹ አንዴ ተነብበው አልቀዋልና። ከ«ፖዝ 0» በፊት ደግሞ «ፖዝ 1» ይግባ። ሲጫወቱ የተጫነው ቁልፍ ማሽኑ ውስጥ ተመዝግቦ ስለሚቆይ የመጀመሪያው «ፖዝ» ሳይጠብቅ ያልፋል፤ ነጥቡም ሳይታይ ይጠፋል። በዚያው ምክንያት የጨዋታውን ፍጥነት በ«ፖዝ» አትቆጣጠሩ፤ ቁልፍ የያዘ ተጫዋች ጨዋታውን ያፈጥነዋል። ምንም ሳይሠራ የሚቆጥር ባዶ «ፎር» ይሻላል።

ድምፁ ላይ ጊዜ ብታጠፉ አይቆጭም። «ቢፕ» ሁለት ቁጥር ይፈልጋል፦ ርዝመት በሰከንድ፣ ከፍታ በግማሽ ድምፅ። የትዝታ ቅኝት 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9 ነው፤ የአንቺ ሆዬ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9። ሲጋጭ አንቺ ሆዬን ከላይ ወደ ታች፣ 9፣ 6፣ 5፣ 1፣ 0፣ እያንዳንዱን በ0.2 ሰከንድ አሰሙት፤ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ያያል። በጨዋታው መሐል ግን ከ0.02 አይለፍ፤ «ቢፕ» እስኪያልቅ ሌላው ሁሉ ይቆማል።

ፊደላችንም በ8 ካሬ ይገባል። ሀ፦ 0፣ 66፣ 66፣ 66፣ 66፣ 36፣ 24፣ 0። ይህንኑ ከኋላ ወደ ፊት ስታነቡት ለ ሆኖ ይወጣል፦ 0፣ 24፣ 36፣ 66፣ 66፣ 66፣ 66፣ 0። ያሉት ቦታዎች 21 ብቻ ስለሆኑ ሙሉ ገበታው አይገባም፤ አጭር ቃል ምረጡ። «ጨዋታው አለቀ» ሰባት ሥዕል ይፈልጋል፣ «አበቃ» ሦስት፤ መልእክቱ ያው ነው። እነዚህ ሦስት ሥዕሎች ሲጨመሩ የመስመር 10 «ፎር» መጨረሻ ከ7 ወደ 31 መቀየሩን የሚረሱ ብዙ ናቸው።

ማስረከቢያው 9 ሰዓት ይሁን፤ ብዙ ነገር የሚበላሸውም እዚህ ነው። ጨዋታው «ሴቭ» ተብሎ ስሙ ከተጻፈ በኋላ «ላይን 10» ካልተጨመረ ዳኛው ጋ ተጭኖ ዝም ይላል። ፊዩዝ ደግሞ አዲሱን ቅጂ በአሮጌው ላይ አይተካም፤ በምናባዊው ካሴት (ስፔክትረም ሥራ የሚያስቀምጠው በካሴት ነበር) ላይ ከኋላው ይቀጥለዋል። አራት ጊዜ «ሴቭ» ያደረገ ልጅ ፋይል ሲከፈት የሚነሣው የመጀመሪያው፣ ያልታረመው ነው። ስለዚህ ከመጨረሻው «ሴቭ» በፊት ከቴፕ ዝርዝር ካሴቱ ይጽዳ፣ «ሴቭ» ይደረግ፣ «ስታርት ቴፕ» ሲል አንድ ቁልፍ ይጫን፣ ከዚያ ካሴቱ በ«ታፕ» ፋይል ይጻፍ። ጥንዱ ሳይሄድ ፋይሉ በሌላ ላፕቶፕ ላይ ይከፈት።

እውነተኛ ስፔክትረም ያገኛችሁ ካላችሁ ለመጨረሻው ዙር አውጡት፤ ግን አዳፕተሩን ተጠንቀቁ። 9 ቮልት ዲሲ ሆኖ መሐሉ ኔጋቲቭ ነው፤ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው 9 ቮልት መሐሉ ፖዘቲቭ ስለሆነ በአንድ መሰካት ማሽኑን ይገድለዋል። ጨዋታውን ወደ ድምፅ ፋይል ቀይራችሁ ከስልክ በጆሮ ማዳመጫ ገመድ አስገቡ፤ የስልኩ ድምፅ ወደ ላይኛው ጫፍ ይጠጋ፣ ስልኩም ኤሮፕሌን ሞድ ላይ ይሁን። በመሐል አንድ የቴሌግራም መልእክት ድው ካለ «ቴፕ ሎዲንግ ኤረር» ይወጣና እንደገና ከመጀመሪያው ነው።

ዳኞች ሦስት ይሁኑ፤ አንዱ ጨዋታ የማይጫወት ጎረቤት ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሳይነገረው ካልገባው ጨዋታው ጉድለት አለበት። እያንዳንዱ ጨዋታ አምስት ደቂቃ፣ በአንድ ላፕቶፕ ላይ፣ በቴሌቪዥን ሁሉም እያየ ይጫወት። ከ10 ለመጫወት መጣፈጡ፣ ከ5 መስመር 80 ላይ የገባው የራሱ ሐሳብ፣ ከ5 ሥዕልና ድምፅ ይሰጥ። እኩል ከመጡ በጥቂት ፊደል የጻፈው ይቅደም።

ያሸነፈው ፕሮግራም በዚያው አይቅር። በየዓመቱ የሚካሄድ ዓለም አቀፍ የአሥር መስመር ቤዚክ ውድድር አለ፤ ምድቦቹ በመስመር 80፣ 120 እና 256 ፊደል ናቸው፤ የመረጣችሁት 120 ከመካከለኛው ጋር ይገጥማል። ከቤዚክ ወጥተው በሲ ወይም በአሴምብሊ መጻፍ ለሚፈልጉ፣ ኤምኤስኤክስ ለሚባሉት የድሮ ኮምፒውተሮች ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ኤምኤስኤክስዴቭ፣ አምስትራድ ሲፒሲ ለሚባለው የድሮ ኮምፒውተር ደግሞ የስፔኑ አሊካንቴ ዩኒቨርሲቲ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያዘጋጀው ሲፒሲሬትሮዴቭ የሚባሉ ውድድሮች አሉ። ከመላካችሁ በፊት የዓመቱን ደንብ አንብባችሁ ፊደሉን በራሳቸው አቆጣጠር እንደገና ቁጠሩት።