ጫማ የሰቀላችሁ አትሌቶች፣ ወደ ማይክራፎኑ ኑ

አንድ አትሌት ሩጫ ሲያቆም ቀጥሎ ምን ይሠራል ብትሉ፣ መልሱ ሆቴል፣ ሕንጻ ወይ አሰልጣኝነት ነው። ማይክራፎን የሚል ብዙም የለም። ይቆጨኛል! ትልልቅ ውድድሮችን በቴሌቪዥን ስንከታተል የሚናፍቀን መም ላይ የነበረ ሰው ድምፅ ነውና፣ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው።

የበረዶ ሸርተቴ አገሮች ነገሩ ቀድሞ ገብቷቸዋል። ስዊዘርላንዳዊው በርንሃርድ ሩሲ እ.ኤ.አ. በ1972 ሳፖሮ ላይ በቁልቁለት ውድድር የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ፣ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ደግሞ ለዓመታት የአገሩ ቴሌቪዥን ተንታኝ ሆነ። በ2010 ቫንኩቨር ላይ ወርቅ ያገኘው አሜሪካዊው ቦዲ ሚለር፣ በ2018ቱ የፒዮንግቻንግ ኦሊምፒክ የአሜሪካው ቴሌቪዥን ጣቢያ የኤንቢሲ ተንታኝ ነበር። (እኛም ለበረዶው ጨርሶ ባዕድ አይደለንም፤ ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ ባንዲራችንን ይዞ ተወዳድሯል።)

ሥራውን እንዴት እንደሚካፈሉት እዩ። ዋናው አስተላላፊ ማን መጣ፣ በስንት ሰዓት ገባ ይላል። የቀድሞው ተወዳዳሪ "ለምን?" የሚለውን ይመልሳል። የቁልቁለት ውድድር ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ኩርባው ላይ የተወዳዳሪው ክብደት ወደ ኋላ እንደሸሸ በአንድ ትንፋሽ ተናግሮ ዝም ይላል። እናንተ ግን 10 ሺህ ሜትር ላይ 25 ዙር አለላችሁ። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው፤ ሰው ዝምታ ለመሙላት ብቻ ማውራት ይጀምራል።

በቃ፣ ልምምዱን ከቤት ጀምሩ። የ2000ውን የሲድኒ 10 ሺህ ሜትር ክፈቱና ድምፁን አጥፉት። ኬንያዊው ፖል ቴርጋት የመጨረሻው ዙር አጋማሽ ሳይደርስ ፈትለክ ብሎ ሲወጣ ኃይሌ ለምን አልደነገጠም? ለምን ወዲያው አላለፈውም? በመጨረሻ የለያቸው 0.09 ሰከንድ ነው። "ኃይሌ! ኃይሌ!" ማለት ለሁላችንም ቀላል ነው፣ ያቺን ትዕግሥት ግን ከናንተ በቀር ማንም በደንብ አያስረዳንም። በስልካችሁ ቅዱት፣ አሳድራችሁ ስሙት፣ ከዚያ ስፖርት ለማይከታተል የቤተሰብ ሰው አሰሙት። እናታችሁ ካልገባቸው እንደገና ቅዱ።

ሒሳቡን በቃል ያዙ። በዙር 64 ሰከንድ ማለት 26 ደቂቃ ከ40 ነው፣ 65 ሲሆን 27 ከ05፣ 66 ሲሆን 27 ከ30። ቀነኒሳ በ2004 አቴንስ ላይ ያሸነፈው በ27:05.10 ነበር፣ በዙር ልክ 65 እንደማለት። ይህ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ካለ ገና አስረኛው ዙር ላይ ሩጫው ፈጣን ነው ወይስ ለአጨራረስ የተቆጠበ ብላችሁ መናገር ትችላላችሁ። ከውድድሩ በፊት ደግሞ የእያንዳንዱን ሯጭ ስም በትክክል መጥራት ተለማመዱ፣ የኬንያውንም የኖርዌዩንም። ምርጥ ሰዓቱንና አጨራረሱን አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ።

ድምፃችሁን ቆጥቡ። ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ የጮኸ ሰው የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ምን ይቀረዋል?

አሁን ደግሞ ከባዱ፣ ይሉኝታ። የምትተነትኑት አብሯችሁ ካምፕ ውስጥ የበላ ልጅ ነው፣ አሰልጣኙም ያሳደጋችሁ ሰው ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ስልቱ ካልሠራ አልሠራም በሉ፣ ሰውየውን ሳትነኩ። "ቀድማ ወጣች፣ ለመጨረሻው 200 ሜትር ጉልበት አልተረፋትም" ማለት ስድብ አይደለም። የግል ጉዳቱንና የካምፑን ምሥጢር ግን ለራሳችሁ ያዙት። ለባንዲራው መጮህ ያለ ነው፣ ያሸነፈን ሯጭ ግን በሚገባው ልክ አወድሱት።

አማርኛዬ አይጣፍጥም ብላችሁ አትሽሹ። አፍ የፈታችሁት በአፋን ኦሮሞ ከሆነ በእሱም የሚያስተላልፉ ጣቢያዎች አሉ፣ አማርኛ ላይም ዘዬያችሁን አትደብቁት።

የት ይጀመር? እኔ ቴሌቪዥን ሳይሆን ሬዲዮ እላለሁ፤ ምስል ስለሌለ ሁሉንም በቃል መሳል ትገደዳላችሁ። ማለዳ መስቀል አደባባይ ሂዱና ደረጃው ላይ የሚሮጡትን እያያችሁ በለሆሳስ አስተላልፉ፣ ማን ትከሻውን እንዳጠበቀ፣ የማን እርምጃ እንዳጠረ። የከተማችን ኤፍ ኤም የስፖርት ሰዓት በአብዛኛው በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የተያዘ ነው፣ ስለዚህ አትሌቲክስን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ሲመጣ አዘጋጆቹ ጆሮ ይሰጣሉ። ስታዲየም አካባቢ ያሉ የስፖርት ጋዜጠኞችን ተዋወቁ። ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ ሲመጣ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፣ የክፍያውን ነገር በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ጨርሱ። ስትሄዱ ደግሞ ሜዳሊያ ሳይሆን ናሙና ያዙ፤ የአንድ ውድድር የመጨረሻ ሦስት ዙሮች፣ በራሳችሁ ድምፅ፣ በቴሌግራም መላክ የሚቻል። አዘጋጁ ሻይ እየጠጣ ይሰማዋል።