ረጅም ሌንስ በእጅ ይዛችሁ ስታነሱ

ጥር 11 ንጋት ላይ፣ ጎንደር ፋሲለደስ መዋኛ ዳር ቆማችሁ ማዶ ያሉትን ካህናት በ300 ሚሊሜትር ሌንስ ስታነሱ ፎቶው ይደበዝዝባችኋል? የሌንሱን ማረጋጊያ ክፈቱ። የፎቶ ማንሻ ቁልፉን ግማሽ ድረስ ብቻ ተጫኑና አንድ ሰከንድ ያህል ጠብቁ። በመመልከቻው የምታዩት ምስል ረጋ ሲል ጨርሳችሁ ተጫኑት። ማረጋጊያው የእጃችሁን ንቅናቄ ለክቶ ለማካካስ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል፤ ከቸኮላችሁ ገና ሳይረጋ ታነሳላችሁ። ሦስት አራት ፎቶ አከታትላችሁ አንሱ፤ የመጀመሪያውን ብዙ ጊዜ የራሳችን ጣት ነው የሚያበላሸው። ክርናችሁንም ከጎናችሁ አጣብቁ።

ውሃው ተባርኮ ወጣቶቹ መዝለል ሲጀምሩ ግን ይሄ አያዋጣም። ማረጋጊያ የእናንተን እጅ እንጂ የሚዘለውን ልጅ አያቆምም። የሹተር ፍጥነቱን፣ ማለትም ካሜራው ለአንድ ፎቶ ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ 1/1000 ሰከንድ አድርጉት፤ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) ቢጨምርም ግድ የለም።