ሪንግ ኦፍ ኬሪን ከአውቶቡሶቹ በተቃራኒ ዙሩት

አየርላንድ ሄዳችሁ ለሁለት መኪና ከተከራያችሁ፣ ሪንግ ኦፍ ኬሪ የተባለውን፣ ከኪላርኒ ከተማ ተነስቶ ዞሮ እዚያው የሚመለሰውን የ179 ኪሎ ሜትር የባሕር ዳር መንገድ ከአስጎብኚ አውቶቡስ ኋላ እየተንፏቀቃችሁ አትጨርሱት። አውቶቡሶቹ ከኪላርኒ የሚነሱት በኪሎርግሊን በኩል ነው። እናንተ ከጠዋቱ 2 ሰዓት (በአገሩ አቆጣጠር 8) ሞልስ ጋፕ በተባለው የተራራ መተላለፊያ አድርጋችሁ ወደ ኬንሜር ውረዱ። በመንገዱ ላይ ያለው የመመልከቻ ቦታ ሌዲስ ቪው ላይ አውቶቡሶቹ የሚደርሱት ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት ጭር ይላል። የሚነዳው በግራ ነውና ባሕሩ በተሳፋሪው መስኮት በኩል ይውላል፤ ፎቶ ለማንሳትም መንገድ ማቋረጥ የለም፣ ጥግ ይዞ መቆም ብቻ።

እኩለ ቀን ግድም ከአውቶቡሶቹ ጋር ፊት ለፊት መገናኘታችሁ አይቀርም። የዋተርቪልን ከተማ አልፋችሁ ወደ ግራ ታጠፉና በባሊንስኬሊግስ ወደ ፖርትማጊ የሚወስደውን ስኬሊግ ሪንግ የተባለውን መንገድ ያዙ። ጠባብ ስለሆነ ትልልቆቹ አውቶቡሶች አይገቡበትም። ከዙሩ ሁሉ የሚያምረውም እሱ ነው። ጭጋግ ከወረደ ግን ምንም ስለማይታይ ዝለሉት።

በግራ መንዳት ያልለመደ ሹፌር ይህን ባይሞክረው ይሻላል። አገር ቤት በቀኝ የነዳ ሰው ሲደነግጥ መሪውን ወደ ቀኝ ነው የሚጎትተው፤ ጠመዝማዛ ላይ አውቶቡስ ሲመጣበት ደግሞ ያ አደጋ ነው። እሱ በአውቶቡሶቹ አቅጣጫ ይሂድ፣ ብቻ ቀድሟቸው ይውጣ።