ዘጠኝ ቤት በአንድ ግቢ፦ የወረርሽኝ ወሬ ሲመጣ ምን ይደረግ?

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ዘጠኝ ቤት ባለበት ግቢ ተከራይቼ እኖራለሁ። ቧንቧችን አንድ፣ ሽንት ቤታችንም አንድ ነው። በመጋቢት 2012 ኮሮና ገባ ሲባል ግቢው በሁለት ቀን ጭር አለ። ቡናው ቀረ። አባቴ ከኩታበር ደውሎ «ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ! ከተማውን ጥለሽ ነይ» አለኝ። በ77 የባቲን መጠለያ ያየ ሰው ነው፤ ቢፈራ አይፈረድበትም። እዚያ ግን መታጨቁ ብቻውን አልነበረም። ረሃቡ፣ ብርዱና የውሃ እጦቱም አብረው ነበሩ።

አልሄድኩም። ፍርሃቱ ግን እኔንም ያዘኝ። ከጎኔ ብቻቸውን የሚኖሩትን እናት ሳልጠይቅ ሰነበትኩ። በአሥረኛው ቀን ስገባ የስኳር መድኃኒታቸው አልቆ አገኘኋቸው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

መጀመሪያ «በሽታው በምን ይተላለፋል?» ብላችሁ ጠይቁ። በ1854 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ኮሌራ ሲገባ ብዙው ሰው መጥፎ አየር ያመጣው ነው ይል ነበር። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም የሞቱት ሰዎች ከየት ውሃ ይቀዱ እንደነበር ቤት ለቤት እየዞረ ጠየቀ። መንገዱ ሁሉ ወደ አንድ የውሃ ፓምፕ ወሰደው። የፓምፑ እጀታ ተነቀለ።

አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ከሆነ ጠላታችሁ ውሃና እጅ ነው። አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጦ ማውራት አተት አያስይዝም። የመጠጥ ውሃ ክዳን ባለው ጀሪካን ይቀመጥ፤ ኩባያ አይጠለቅበት። ሽንት ቤቱ በር ላይ የተበሳ ጀሪካንና ሳሙና ስቀሉ። እኛ ሳሙናውን በተራ እንገዛለን፤ ተራውን ግድግዳው ላይ በከሰል ጽፈነዋል። ሰው ከታመመ ጤና ጣቢያ እስኪደርስ ድረስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ አጠጡት።

በትንፋሽ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ ላይ እለምናችኋለሁ። የደሴን ብርድ ፈርተን መስኮት እንዘጋለን፣ ቀዳዳውን በጨርቅ እንወትፋለን። ቲቢ የሚመቸው እንዲህ ያለ ቤት ነው። እንግዳ ሲበዛ መስኮቱን ክፈቱና ጋቢ ደርቡ። ቡናውን ደጅ አውጡት። እኛ ከወር በኋላ ረከቦቱን ግቢው መሃል አድርገን፣ በርጩማውን አራርቀን «አቦል ጀባ» ማለት ጀመርን። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ያለበትን ጎረቤት አትሽሹት። ጤና ጣቢያ አብራችሁት ሂዱ፤ የመንግሥት ከሆነ የቲቢ መድኃኒቱ በነጻ ነው። ቲቢ በስኒ ወይም በመጨባበጥ አይተላለፍም። ሲሻለው መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ አስታውሱት።

ስለ ኅዳር 12ም አንድ ነገር ልበል። በ1911 ለገባው የኅዳር በሽታ ብለን ግቢ እንጠርጋለን፤ ጥሩ ነው። ፕላስቲኩን ግን አታቃጥሉ። ጭሱ የሚያስለው ጎረቤት ደረት ላይ ነው የሚያርፈው።

ብቻውን ለሚኖር ሰው ደግሞ ተረኛ መድቡ። በእኛ ግቢ የሳሙናው ተረኛ የእናታችንንም በር ያንኳኳል። ወረርሽኝ ካለ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላችሁ ቁሙና ከደጅ ጠይቁ፦ «አብሽሩ እማማ፣ እንዴት አደሩ? መድኃኒትዎ አለ? ከገበያ ምን ላምጣልዎ?»